ቡና ላይ የማይነሣው ወሬ

በጎጃም፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ የጤፉ ዋጋ፣ የማዳበሪያው፣ የልጆች ትምህርት ይነሣል። አንዱ ስለ መንግሥት ወይም ስለ ታጣቂ ሲጀምር ግን ባለቤቲቱ ስኒውን እየቀዳች «በሉ ሌላ ጨዋታ አምጡ» ትላለች።

ይህን ዝምታ ግዴለሽነት ማለት በደል ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ ብሎ የተነሣው ይኸው የጎጃም ገበሬ ነው።

ዝም ያሰኘው ፍርሃት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርን ፈቀደ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። አዋጁ በ2016 ቢያበቃም በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለው ውጊያ ቀጠለ። ከአንድ ቤት አንዱ ልጅ ሚሊሻ፣ ሌላው ፋኖ ሊሆን ይችላል፤ ቡና ላይ የወጣ ቃል ማን ጆሮ እንደሚገባ አይታወቅም።

ከፍርሃቱ ሌላ የዕድርም ጉዳይ አለ፤ ብዙ ዕድሮች ከፖለቲካ ገለልተኛ መሆናቸውን በደንባቸው ያሰፍራሉ። በወገን የተከፈለ ዕድር ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን የሚተክል፣ አስከሬን የሚሸከም ሰው ያጣል።