እንግዳውን መጀመሪያ ለብቻው

(በዓመታዊው የምሩቃን መገናኛ ምሽት፣ ስታዲየም አካባቢ በተደረገው ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከሙያሽ ውጪ ስለምትወጂው ነገር አሥር ደቂቃ ተናገሪ» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ሐኪም ከሙያው ውጪ ምን አለው? ቤቴ ከዚህ አዳራሽ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ከስታዲየሙ ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ። ማታ ከዲዩቲ ስገባ መጀመሪያ የማየው 200 ሊትር የሚይዘውን የዓሣ ገንዳዬን ነው። ስለዚህ ስለ እሱ ልናገር። አንዳንዶቻችሁ የደም ግፊት ንግግር ጠብቃችሁ ከነበረ ይቅርታ።

የእኔ ገንዳ የጨው አልባ ውሃ ገንዳ ነው፤ ጎልድፊሽ ብቻ ነው ያለው። ሥርዓቱን የተማርኩት ግን ከኮራል ነው። ለስልጠና ውጪ በሄድኩ ጊዜ አንድ የባቻችን ልጅ ቤት ምድር ቤቱን ተከራይቼ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ የባሕር ውሃ አኳሪየም አለው፤ በውስጡም ሕይወት ያለው ኮራል። እኔ ኮራል ድንጋይ ይመስለኝ ነበር። ተክልም አይደለም፤ እንስሳ ነው። ጥቃቅን ፖሊፖች አንድ ላይ ሆነው የኖራ አጽም ይሠራሉ። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ አልጌ ይኖራል፤ እሱ ከብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ፖሊፑ ደግሞ መጠለያ ይሰጠዋል። ሙቀቱ ሲበዛ ወይም ብርሃኑ ድንገት ሲለወጥ ይህ ጉርብትና ይፈርስና ኮራሉ ይነጣል።

ነገሩ ለእኛ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። የምፅዋ አሮጌ ቤቶች የተሠሩት በኮራል ድንጋይ ነው። በአፋር፣ በዳናኪል ዝቅታ፣ ቀይ ባሕር አንድ ዘመን ገብቶ የተወው የኮራል ቅሪት ዛሬም መሬት ላይ ይታያል።

ታዲያ ያኔ ምን አደረግኩ? እንቁጣጣሽ ደረሰ። ጓደኛዬን ላስደስተው ብዬ ከሱቅ ትንሽ የኮራል ቁራጭ ገዛሁ። እሱ ዲዩቲ ላይ ሳለ ገንዳው ውስጥ፣ መሀል ላይ፣ ቆንጆ ቦታ መርጬ አስቀመጥኩለት። ሲመጣ አየውና ዝም አለ። ከዚያ «አመሰግናለሁ» አለኝ። ዝምታው ያልገባኝ እኔ ነበርኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አክሮፖራ የሚባሉት ቅርንጫፋም ኮራሎቹ ቀለማቸው መደብዘዝ ጀመረ። ጠጋ ብሎ ላየው፣ ቅርንጫፉ ላይ ክብ ክብ የንክሻ ምልክት አለ። አክሮፖራ ብቻ የሚበላ ጠፍጣፋ ትል ነው። ቀለሙ ከኮራሉ ጋር ስለሚመሳሰል በዓይን አይታይም። የመጣው በእኔ ስጦታ ነው። ስድስት ዓመት ያሳደጋቸውን ኮራሎች አንድ በአንድ አውጥቶ ሲጥል አጠገቡ ቆሜ ነበር። አልተቆጣኝም። «አንቺ ልጅ፣ ሐኪም አይደለሽም እንዴ? አዲስ የገባ በሽተኛ ሳትመረምሪ ከሌሎቹ ጋር ታስተኚያለሽ?» ብቻ አለኝ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አስተማረኝ።

ያስተማረኝን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ የብቻ ገንዳ። 40 ሊትር ይበቃል። ማሞቂያ፣ ትንሽ የውሃ ፓምፕ፣ ደከም ያለ መብራት። መረቡ፣ ባልዲው፣ ቱቦው ሁሉ የራሱ ነው፤ ወደ ዋናው ገንዳ አይሻገርም። ለእኛ ይሄ የአይሶሌሽን ክፍል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ማለማመድ። ኮራሉ የመጣበትን ላስቲክ ሳይከፍቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ ማንሳፈፍ፣ ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ እስኪደርስ። ቀጥሎ ጨዉን መለካት፤ የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ልዩነት ካለ የገንዳውን ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጉ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መጨመር። እዚህ ላይ ደግሞ መዘግየትም ይጎዳል፤ በተለይ እንግዳው ዓሣ ሲሆን። ላስቲኩ ተዘግቶ ሳለ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውሃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው የተጠራቀመው አሞኒያ ብዙም አይጎዳም። ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤች ይጨምራል፣ ያው አሞኒያ መርዝ ይሆናል። የመጣበት ውሃም ይደፋል እንጂ ገንዳ ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛ፣ መንከር። በሌላ ሳህን፣ ለኮራል በተዘጋጀ መድኃኒት፣ በአዮዲንም ሊሆን ይችላል፣ መመሪያው ላይ ለተጻፈው ደቂቃ ያህል ይነከራል። በትልቅ ሲሪንጅ ውሃ እየገፉ ቅርንጫፉን ማጠብ ነው። የሚወድቀውን በነጭ ሳህን ላይ ስታዩት ከዚያ በኋላ ኳራንታይን ማድረግ አትረሱም። ግን መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። እንቁላሉ የሚደበቀው ደግሞ ቁራጩ የተጣበቀበት መቀመጫ ሥር ነው። ስለዚህ መቀመጫው ተቆርጦ ይጣላል፣ መንከሩም በየሳምንቱ ይደገማል፤ ቢያንስ አራት፣ አምስት ሳምንት።

አራተኛ፣ ትዕግሥት። ዓሣ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚያመጣው ክሪፕቶካሪዮን የተባለው ጥገኛ ኮራሉን አያምመውም፤ ግን መቀመጫው ላይ ሽፋን ሠርቶ ተጣብቆ ይመጣል። ዓሣ ካላገኘ ይሞታል። ጥንቁቆቹ አርቢዎች ስለዚህ ዓሣ በሌለበት ገንዳ 76 ቀን ያቆዩታል። 76 ቀን!

አምስተኛ፣ ብርሃን። ኮራሉ ዋናው ገንዳ ሲገባ እንኳ መጀመሪያ ታች፣ ጥላ ያለበት ይቀመጣል። በሁለት፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ብርሃን ከሰጡት ይነጣል።

ለሐኪሞች ሁለት ነገር ልጨምር። ዞአንቲድ የሚባሉት የአበባ መሳይ ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን አላቸው። የሶዲየም ፖታሲየም ፓምፓችንን ያዘና ክፍት ቀዳዳ ያደርገዋል፤ ከሚታወቁት ከባድ መርዞች አንዱ ነው። ድንጋዩን ለማጽዳት ብለው በፈላ ውሃ የቀቀሉ ሰዎች እንፋሎቱን ስበው ቤተሰቡ በሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ጓንት፣ መነጽር፣ መቀቀል ክልክል።

ሁለተኛው ማይኮባክቴሪየም ማሪነም ነው። አንድ ሰው እጁ ላይ የማይድን እብጠት ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወደ ክንዱ በመስመር ሌሎች ወጡ። እኔ ቁንጭር ነው ብዬ ደመደምኩ። አገራችን ነውና ሁላችንም መጀመሪያ የምናስበው እሱን ነው። በሦስተኛው ቀጠሮ ነው «ዓሣ ታረባለህ እንዴ?» ብዬ የጠየቅኩት። ያርባል። ባክቴሪያው 30 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው ደህና የሚያድገው፤ ላቦራቶሪው ካልተነገረውና በ37 ካሳደገው ላያገኘው ይችላል። እቤቴ ገንዳ ያለኝ እኔ እንኳ ሁለት ቀጠሮ አባክኛለሁ። ጠይቁ።

እዚህ አዲስ አበባ ኮራል አላረባም። መብራት በሄደ ቁጥር መሞታቸው ነው፤ ጠንካራ ኮራል ድንበር ለማሻገር ደግሞ የሳይተስ ፈቃድ ይጠይቃል። ጎልድፊሹ ግን በዚያው ሥርዓት ነው የሚገባው፤ አራት ሳምንት ለብቻው። የቧንቧ ውሃችን ክሎሪን ስላለው አንድ ቀን አየር እየተነፋበት ያድራል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ አየር ማስገቢያ ሁልጊዜ አለኝ፣ ዓሣም አላበዛም።

ኳራንታይን የሚለው ቃል ከጣልያንኛው አርባ ነው የመጣው። በ1377 እ.ኤ.አ. ራጉሳ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ ወረርሽኝ ካለበት የመጣን ሰው 30 ቀን ለብቻው አቆየች፤ በኋላ አርባ ሆነ። እኛም ዋጋውን እናውቀዋለን። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የደስታ በሽታ በምፅዋ በኩል ለጣልያን ጦር ከውጭ ከገቡ ከብቶች ጋር እንደመጣ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የአገሪቱ ከብት አለቀ፣ የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ክፉ ቀን ሆነ። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የተነገረው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው።

ቢሆንም ለእኛ ሰው እንግዳን ለብቻው ማቆየት ይከብዳል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ሲገለጽ እኔ ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። ከዋርድ እየመጣሁ ጓዳ ገብቼ በሩን ስዘጋ እማዬ ምግቡን ደጃፍ አስቀምጣ «እኔን ተጸየፍሽኝ?» ትለኝ ነበር። በበሩ በኩል ሆኜ «እማዬ፣ አንቺን እኮ ነው የምጠብቀው» እላታለሁ። እስክታምነኝ ብዙ ቀን ፈጀ።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። ለብቻ ማቆየት ቤት ያለውን ይጠብቃል። ማለማመድ ደግሞ የሚመጣውን ይጠብቃል። የመጀመሪያውን በደንብ ተምሬያለሁ። ሁለተኛውን አልተማርኩም ነበር።

ባለፈው ዓመት አንዲት ኢንተርን በእኔ ሥር ተመደበች። ጎበዝ ናት። ሰው አንሶን ነበርና በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ዲዩቲ ሰጠኋት፤ ሌሊቱን ለብቻዋ። እኛም እንዲህ ነው ያለፍነው ብዬ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሕፃን ሞተባት። ማንም ቢኖር የሚተርፍ አልነበረም፤ ይህን ግን የነገራት የለም። እኔም አልነገርኳትም፤ ራውንድ ነበረብኝ። በነጋታው አልመጣችም። ኮራል ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ብርሃን ሥር እንደማይቀመጥ የማውቅ ሰው ነኝ እኮ።

ከሦስት ወር በኋላ ደወልኩላት። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ሕፃኑ የሞተው በእሷ ጥፋት እንዳልሆነም ነገርኳት። ስልኩ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ተመልሳ ትምጣ አትምጣ ገና አልወሰነችም።

መምህራኖቻችን፣ እዚህ ያላችሁ ታላላቆች፤ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የዘንድሮ ልጆች ሲወጡ እያንዳንዳችን አንድ አንድ እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በሳምንት አንድ ጊዜ እንደውልላቸው፤ የመጀመሪያው ሞት የደረሰባቸው ማታ ደግሞ ሰዓት ሳንቆጥር ስልኩን እናንሳ። ሦስት ወር ረጅም ከመሰላችሁ፣ ጓደኛዬ ለአንዲት የኮራል ቁራጭ 76 ቀን እንደሚጠብቅ አስታውሱ።

ስም መመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የእኔ ስም ፈንታ አንደኛው መስመር ላይ አለ።