የፎገራን ፓምፕ ማን ይቁጠር?

እሷ፦ ፎገራ ውስጥ፣ ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ቤት በር ላይ ጆንያው ተደርድሮ፣ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል።

እሱ፦ በበጋ ደግሞ የርብና የጉማራ ወንዞች ዳር ገበሬ ነዳጅ በጀሪካን ይዞ ወደ ፓምፑ ይወርዳል። የኃይል ፍላጎት ማለት እኮ ይኼ ነው!

እሷ፦ ብሔራዊው የኤሌክትሪክ መርሐ ግብር በ2019 እ.ኤ.አ. ሲከለስ፣ በ2025 ለ65 በመቶው ሕዝብ በዋናው መስመር፣ ለ35 በመቶው ከመስመር ውጭ መብራት ለማድረስ አቅዶ ነበር። ይህን መሰል ስሌት ኦስሞሲስ (OSeMOSYS) በተባለው የኃይል ዕቅድ ሞዴል መሥራት ይቻላል፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ፈቃድ አይገዛም።

እሱ፦ ቁጥሩስ? አዲስ አበባ ተቀምጦ የፎገራን ፓምፕ የሚገምት ይሳሳታል።

እሷ፦ ለዚህ ነው የወረዳው ባለሙያ ይሠልጥን የምለው። ስንት ፓምፕ፣ በየትኛው ወር፣ ለስንት ሰዓት እንደሚሠራ ገበሬውን ጠይቆ የሚመዘግበው እሱ ነው።

እሱ፦ ልክ ነሽ። የመፈልፈያ ቤቶቹንም አብሮ ይመዝግብልን።