ከሥራ መልስ የተዘፈነ ዘፈን

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

የመሥሪያ ቤት ሰዓት አልቆ፥ ፋይሉ ተከድኖ፥ መሳቢያው ከተቈለፈ በኋላ ለአንድ ሠራተኛ የሚተርፈው ጊዜ ምን ያህል ነው? በተረፈችውስ ጥቂት ሰዓት ምን ሊሠራ ይችላል? ከመካከላችን በወጣትነቱ ግጥም ያልሞከረ፥ ክራር ወይም ጊታር ለመማር ያልተመኘ ጥቂት ነው። ኋላ ግን ሥራው ሲበዛ፥ ቤተሰብ ሲመጣ፥ ደብተሩ ከሣጥን ሥር ይገባል። ይህን የምናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የእኔም ደብተር እዚያው ሣጥን ሥር ነው።

ስለዚህ ዛሬ የአንድ አሜሪካዊ ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ታሪክ ላቀርብላችሁ ተነሥቻለሁ። ስሙ ጆን ዳርኒል ይባላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ዳርኒል በ1967 ዓ.ም. በኢንዲያና ክፍለ ሀገር ብሉሚንግተን በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በካሊፎርኒያ ነው። ወላጆቹ ተለያይተው እናቱ ሌላ ባል ስላገባች የልጅነት ዘመኑን ያሳለፈው በእንጀራ አባት ቤት ነበር። ያም ሰው እጁ ለዱላ የሚፈጥን ቁጡ ሰው ነበረ። ልጁም ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ወደ ፖርትላንድ ከተማ ሄዶ በአደንዛዥ ዕፅ ተጠመደ፤ ሕይወቱንም ለአደጋ አጋለጠ። ከዚያ መከራ ወጥቶ ወደ ካሊፎርኒያ ሲመለስ ግን ኖርዎክ በምትባል ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን አስታማሚ ሆኖ ተቀጠረ። እንደ እናንተና እንደ እኔ ደመወዝተኛ ሆነ ማለት ነው።

የሚኖረው በሆስፒታሉ ግቢ፥ ለሠራተኞች በተሠራው ቤት ውስጥ ነበር። ተራው ሲያበቃ ወደ ክፍሉ ገብቶ የጻፋቸውን ግጥሞች በጊታር ያዜም ጀመር። ዜማውን የሚቀርጸው በባለሙያ ስቱዲዮ አልነበረም፤ በገበያ በሚሸጥ ፓናሶኒክ በተባለ የካሴት ማጫወቻና መቅረጫ ነበር እንጂ። የመሣሪያው ማይክሮፎን ከሞተሩ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለ ነበረ ከዘፈኑ ጋር የመንኰራኵሩ እርግርግታ አብሮ ይቀረጽ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «ጥሩ መሣሪያ እስካገኝ ልቈይ» ባለ ነበር። እርሱ ግን አልቈየም፤ ያም እርግርግታ ኋላ አድማጮቹ የሚያውቁት ምልክቱ ሆነ።

እዚህ ላይ «ኢንዲ ሮክ» የሚባለው ምን እንደ ሆነ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ቃሉ ራስን ችሎ መቆምን ያመለክታል። በአሜሪካና በእንግሊዝ ታላላቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ዘፋኙንም፥ ስቱዲዮውንም፥ ሽያጩንም በእጃቸው ሲይዙ፥ ከእነርሱ ውጭ የሆኑ ሰዎች በትናንሽ ማኅበሮች እየተረዳዱ የየራሳቸውን ሙዚቃ ያወጡ ነበር። የዳርኒልም የመጀመሪያው ካሴት በ1991 ዓ.ም. የወጣው ሽሪምፐር በሚባል እንዲህ ባለ ትንሽ አሳታሚ አማካይነት ነው። ለሥራውም «ዘ ማውንቴን ጎትስ» የሚል ስም ሰጠው፤ ትርጓሜው «የተራራ ፍየሎች» ማለት ሲሆን የተወሰደው ከስክሪሚን ጄይ ሀውኪንስ አንድ ዘፈን ነው። ስሙ የብዙ ሰዎች ቢመስልም በዚያን ዘመን ብዙውን ጊዜ ብቻውን ወይም ከአንድ ባልደረባ ጋር ይጫወት ነበር። በዚያው ጊዜ ፒትዘር ኮሌጅ ገብቶ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍንና የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን ጽሑፎች አጥንቶ በ1995 ዓ.ም. ተመረቀ።

የዚህ ሰው መምህራን እነማን ናቸው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ብዙ ነው። አንደኛዋ የካሊፎርኒያዋ ደራሲት ጆን ዲዲየን ናት፤ ነገርን ሳታስጌጥ በጥቂት ቃል የምታስቀምጥ ጸሐፊ ነበረች። ሁለተኛው ብላክ ሳባዝ የሚባለው የእንግሊዝ ከባድ ሮክ ቡድን ነው። ስለዚህም ቡድን በ2008 ዓ.ም. አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጽፏል፤ በመጽሐፉም ውስጥ የሚናገረው በአእምሮ ሆስፒታል የተኛ አንድ ወጣት ልጅ ነው። ከዚህ ላይ ሦስተኛውን መምህር እናገኘዋለን፤ እርሱም ያ የሆስፒታል ሥራ ነው። ሰው ሁሉ የማይሰማውን ሰው ቀርቦ መስማት ለዘፈን ደራሲ ትልቅ ትምህርት ቤት እንደ ሆነ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዳርኒል ከዐሥር ዓመት በላይ የዘፈነው ስለ ሌሎች ሰዎች፥ በሐሳቡ ስለ ፈጠራቸው ሰዎች ነበር። ለምሳሌ በ2002 ዓ.ም. በወጣው «ታላሃሲ» በተባለው አልበሙ እየጠጡ የሚጣሉ፥ ነገር ግን መለያየት ያቃታቸው የአንድ ባልና ሚስት ታሪክ ይገኛል። ስለ ራሱ የወጣትነት ውድቀት አልበም ያወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። የእንጀራ አባቱ በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ከሞተ በኋላ ደግሞ በ2005 ዓ.ም. «ዘ ሳንሴት ትሪ» የተባለውን አልበም አቀረበ። ይህም ስለዚያ ቤት የተዘፈነ ነው። በአንደኛው ዘፈን ቤት ውስጥ ጠብ ሲነሣ ሕፃኑ ወደ ሸክላ ማጫወቻው ተጠግቶ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ በሌላው ደግሞ የ17 ዓመት ልጅ ያን ክፉ ዓመት ለመዝለቅ ቍርጥ ሐሳብ ያደርጋል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «ሙት ወቃሽ መሆን ነውር አይደለምን? የቤትን ገመና በአደባባይ ማውጣትስ ተገቢ ነውን?» ይለኝ ይሆናል። እኛ «ሆድ ይፍጀው» እያልን ያደግን ሰዎች ስለ ሆንን ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም በዚህ ነገር ብዙ አሰብሁበት። ነገር ግን የዚያን አልበም የመጨረሻ ዘፈን ልብ በሉ፤ ዘፋኙ የሞቱን ወሬ ከሰማ በኋላ የሚያስታውሰው ዱላውን አይደለም። አንድ ማለዳ የእንጀራ አባቱ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ይዞት መሄዱን ነው። ወቃሽ ቢሆን ኖሮ ይህችን ማለዳ ባልጨመራት ነበር። ክፉውን ሳይደብቅ፥ ደጉንም ሳይሰርቅ የሚናገር ሰው ከሳሽ አይባልም፤ ምስክር ይባላል እንጂ። አልበሙንም መታሰቢያ ያደረገው ከሚጐዷቸው ሰዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖሩ ወጣቶች ነው። ሆድ የሚፈጀው ነገር ባለቤቱንም እንደሚፈጅ እናውቃለንና የእርሱ መናገር ለሌላው መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልጥቀስ። በ2009 ዓ.ም. ያወጣው አልበም 12 ዘፈኖች ያሉት ሲሆን የሁሉም ማለት ይቻላል አርእስት የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍና ቍጥር ነው፤ የአልበሙም ስም በእኛ ቤተ ክርስቲያንም ከሚደገመው ከጸሎተ ሃይማኖት፥ ስለሚመጣው ዓለም ሕይወት ከሚናገረው ቃል የተወሰደ ነው። በ2014 ዓ.ም. ያሳተመው ልብ ወለድም ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ከታጩት መካከል ተቈጠረ።

በመጨረሻም በመጋቢት 2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የሙዚቃ አዳራሾችን ሁሉ ሲያዘጋ ዳርኒል በቤቱ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ዝነኛ ሰው ነበር፤ መልካም ስቱዲዮም አይቸግረውም ነበር። እርሱ ግን ያንኑ የቀድሞ ዓይነት ፓናሶኒክ አውጥቶ ስለ ሮማውያን ዘመን የመጨረሻ አረማውያን የሚተርክ የአንድ ፈረንሳዊ ታሪክ ጸሐፊ መጽሐፍ እያነበበ 10 ዘፈኖች ቀረጸ። ሥራ የፈቱ ባልደረቦቹ እንዲረዱበትም ካሴቱን ለሽያጭ አቀረበው። የመንኰራኵሩ እርግርግታ እንደ ገና ተሰማ።

ክቡራትና ክቡራን፤ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁላችንም ዘፋኝ እንሁን ማለት አይደለም። ሰው የሚናገረው እውነት ካለው መሣሪያው እስኪያምር፥ ጊዜው እስኪመች መጠበቅ የለበትም ማለት ነው። ዛሬ ማታ ከሥራ ስትመለሱ ከሣጥን ሥር ያለውን ደብተር አውጡና አቧራውን አራግፉ። እኔም የራሴን አወጣለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ቢያሳፍረንም ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው።