የፊንቴክ ሥራ ቃለ መጠይቅ ምን ይመስላል?

(በአምቦ በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ትምህርት ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ልጆች በየቤታችን አሉ። በጉደርም፣ በግንጪም፣ በጌዶም እንዲሁ ነው። ከሚያመለክቱባቸው ቦታዎች አንዱ ፊንቴክ የሚባለው፣ ይኸውም ገንዘብን በስልክና በኮምፒዩተር የሚያንቀሳቅሰው ሥራ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በአገራችን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከጀመሩ ወዲህ ጉልት ቸርቻሪዋ ሳትቀር በስልኳ ትቀበላለች። ይህን የሚሠራ ባለሙያ ያስፈልጋል። እኔም አዲስ አበባ በአንድ የክፍያ ድርጅት ከጠያቂዎቹ ወገን ስለተቀመጥሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የትምህርት ማስረጃው ይታያል፤ እሱ ብዙ አያነጋግርም። ቀጥሎ በኢንተርኔት የሚሠራ ፈተና አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ እቤቱ ሆኖ ይሠራዋል። እንግዲህ በዚያን ቀን መብራት ቢጠፋ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይወቅ። ቤተሰብም ለሁለት ሰዓት ያህል «ና እስቲ ተላከኝ» አይበለው።

ዋናው ከመሐንዲሶቹ ጋር የሚደረገው ነው። ልጆቻችን ትርጓሜ ሸምድደው ይሄዳሉ፤ የሚጠየቁት ግን እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ «አንዲት ሴት ለጤፍ 4,000 ብር ላከች። ኔትዎርክ መሐል ላይ ተቋረጠና ስልኳ ያንኑ ትዕዛዝ ደግሞ ላከው። ሁለት ጊዜ እንዳይቆረጥባት ምን ታደርጋለህ?» መልሱ ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያው ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ ሲስተሙ «ይኼ ተከፍሏል» ይላል እንጂ ዳግመኛ አይቆርጥም። ወይም ደግሞ፦ «500 ብር ካለው ሒሳብ ላይ በአንድ ቅጽበት ከሁለት ቦታ 400፣ 400 ብር ቢጠየቅስ?» አንደኛው እስኪያልቅ ሁለተኛው መጠበቅ አለበት፤ አለዚያ ሁለቱም 500ውን አይተው ይፈቅዳሉ። ሳንቲሙስ? ኮምፒዩተር በነጥብ የተጻፈውን ቁጥር ብዙ ጊዜ በግምት ነው የሚይዘው፤ 0.1 እና 0.2 ደምር ቢሉት ልክ 0.3 አይሰጥም። ስለዚህ ብሩ ወደ ሳንቲም ተመንዝሮ በሙሉ ቁጥር ይመዘገባል።

ይህ የልጅ ጨዋታ የሚመስለው ካለ መጋቢት 2016 ዓ.ም.ን ያስታውስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተዛብቶ ሰዎች በሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ አወጡ፤ ከነሱም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ የሄደውን ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር አድርሶታል፤ የውጭ ጥቃት እንዳልነበረም ገልጿል። ጠያቂው «አንተ በዚያ ሌሊት ተረኛ ብትሆን መጀመሪያ ምን ታደርግ ነበር?» ቢል አይግረማችሁ። አገልግሎቱን አቆማለሁ፣ ለአለቃዬ ወዲያው እናገራለሁ፣ ከዚያ መዝገቡን አመሳክራለሁ የሚል ልጅ፣ ኮዱ ትንሽ ቢጎድል እንኳ ለኔ ያልፋል። የሰው ገንዘብ ነዋ!

ሌላው ነገር ዝምታ ነው። እኛ ዘንድ በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን እንዳለማወቅ ይቆጠራል። ልጆቼ፣ የምታስቡትን እየተናገራችሁ ሥሩ። ያላወቃችሁትን አላውቅም በሉ። ስለ መመረቂያ ሥራችሁ ስትጠየቁ «እኛ ሠራን» ብላችሁ አትለፉ፤ «አንቺስ የትኛውን ሠራሽ?» መባል አይቀርም። በተለይ በአፋን ኦሮሞ የተማሩ ልጆች ጥያቄው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሲመጣ እያወቁ ይተናነቃቸዋል። ይህን ድምፅ አውጥቶ መለማመድ ይፈታዋል።

ካለፉ በኋላ ደግሞ ተያዥ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት አለ፤ ደመወዝተኛ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ዋስ እንዲሆን ነው። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ልጅ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ያሳዝናል። ደመወዝተኛ የሆናችሁ ጎረቤቶች ከወዲሁ አስቡበት፤ የምትፈርሙትንም አንብባችሁ ፈርሙ። «ሥራ አስገባዋለሁ፣ ይህን ያህል አምጡ» የሚል ደላላ ከመጣ ግን አምስት ሳንቲም አትስጡ፤ ልጁን የሚቀጥረው መሥሪያ ቤት ገንዘብ አይጠይቅም።

ልምምዱን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ እናደርጋለን። ጠያቂው እኔ ነኝ። ኮምፒዩተር የሌለውም ይምጣ፤ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ አለ።