ስለ ናይትሬት የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ናይትሬት ስለሚባለው ነገር ነው። ናይትሬት አንድ የናይትሮጅንና ሦስት የኦክሲጅን አቶሞች ተያይዘው የሠሩት ኔጌቲቭ አዮን ነው። ከፖታሲየም፥ ከብር ወይም ከአሞንየም ጋር ሲገናኝ ጨው ይሆናል። ጠባዩ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን ብቻ ብንይዝ የቀረውን ለመረዳት አያዳግተንም።

አንደኛው ጠባዩ በውሃ መሟሟቱ ነው። ብር ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ውሃ የማያሟሟው ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ የብር ናይትሬት ግን ወዲያው ይሟሟል። የናይትሬት ጨዎች ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። የሸክላ አፈር ቅንጣትም ራሱ ኔጌቲቭ ስለ ሆነ ናይትሬትን ይዞ አያስቀረውም፤ ዝናም እያጠበ ይወስደዋል። በብዛት ተከማችቶ የተገኘውም ዝናም እምብዛም በማይጥልበት በቺሌ፥ በአታካማ ምድረ በዳ ነው።

ሁለተኛው ጠባዩ ኦክሲጅን ሰጪነቱ ነው። ፖታሲየም ናይትሬት በብርቱ ሲግል ከኦክሲጅኑ ከፊሉን ለቆ ናይትራይት ይሆናል። ከከሰልና ከድኝ ጋር ባሩድ የሚሆነውም ስለዚህ ነው፤ ባሩድ የሚነድበትን ኦክሲጅን ከራሱ ጋር ስለ ያዘ አየር አይጠብቅም። አሞንየም ናይትሬትማ የሚነደውንም የሚያነደውንም በአንድ ጨው ውስጥ ይዟል። በ2020 እ.ኤ.አ. በቤይሩት ወደብ ለዓመታት ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን ያህል አሞንየም ናይትሬት እሳት ደርሶት ሲፈነዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ይሁን እንጂ ያለ ናይትሬት እህል የለም። ከአየሩ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ቢሆንም ሁለቱ አቶሞች በሦስት ማሠሪያ ስለ ተያያዙ ተክል ሊጠቀምበት አይችልም። ፍሪትዝ ሀበር በ1909 እ.ኤ.አ. ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞንያ ሠራ፤ በ1913 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በኦፓው ፋብሪካው ተከፈተ። አሞንያው ወደ ናይትሪክ አሲድ ስለሚለወጥ፥ ከአንድ ምንጭ ማዳበሪያም የጦር መሣሪያም ወጣ። በባቄላ፥ በአተርና በሽምብራ ሥር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ግን ይህን ሥራ ያለ እሳትና ያለ ፋብሪካ ይሠሩታል። ገበሬያችን ባቄላ ባጨደበት ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ሲዘራ የሚከተለው የአባቶቹ ልማድ ይህን ኬሚስትሪ ይዟል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከሽንት ቤት ወይም ከከብት በረት አጠገብ በተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ናይትሬት ሰርጎ ይገባል። በእንዲህ ያለ ውሃ የተበጠበጠ ወተት የሚጠባ ጨቅላ ሕፃን ሆድ ውስጥ ናይትሬቱ ናይትራይት ይሆንና ደሙ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያግደዋል፤ ሕፃኑም ይጠቁራል፥ ሊሞትም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 50 ሚሊግራም ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ «ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ» እያልን እንመክራለን። ምክሩ ስለ ጀርም እውነት ነው። ናይትሬት ግን የተሟሟ ጨው ነውና በማፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበረታል። ስለዚህ ምክራችን «ጉድጓዱን ከሽንት ቤቱና ከበረቱ አርቃችሁ፥ ከላያቸው በኩል ቆፍሩ» የሚልም ይጨመርበት። የተማርነው ለፈተና ብቻ እንዳልሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።