ሁለት መድኃኒት በአንድ ፈረስ ሆድ
ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር



ዛሬ ልናነጋግራችሁ የወደድነው ስለ ጋሪ ፈረስ ጤና ነው። ነገሩ ተራ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በአገራችን ሁለት ሚሊዮን ያህል ፈረሶች እንዳሉ፣ በብዙ ከተሞቻችንም ስንት ቤተሰብ እንጀራውን ከአንድ ፈረስ ጉልበት እንደሚያገኝ ስናስብ ቀላል ሆኖ አናገኘውም። ፈረሱ ሲታመም ጋሪው ይቆማል፤ ሲሞት ግን የቤቱ ምሰሶ ወደቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ባለቤቱ ያገኘውን ሁሉ ቢሞክር አይፈረድበትም። ጠዋት ከአዋቂ ያመጣውን ቅጠል ይግተዋል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይወስደዋል። አዋቂው ስለ ክሊኒኩ መድኃኒት አያውቅም፤ ሐኪሙም ስለ ቅጠሉ አልሰማም። ሁለቱ መድኃኒቶች የሚገናኙት በፈረሱ ሰውነት ውስጥ ነው።

የአገር መድኃኒት ከንቱ ነው አንልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመልክተው የእንዶድን ኃይል ለዓለም አሳውቀዋል። ነገር ግን በወንዝ ውስጥ ኃይል ያለው ነገር በፈረስ ሆድ ውስጥም ኃይል አለው። «ቅጠል ነውና አይጎዳም» ማለት የማያስኬደው ለዚህ ነው። ፈረስ ደግሞ እንደ ሰው ሊያስመልስ አይችልም፤ የዋጠው ሁሉ በአንጀቱ ማለፍ አለበት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ለሚያነክስ ፈረስ ፌኒልቡታዞን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ይታዘዛል። መድኃኒቱ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም የጨጓራንና የአንጀትን የተፈጥሮ መከላከያ ያሳሳል፤ ውሃ ባነሰው ፈረስ ላይም ኩላሊትን ይጎዳል። በዚያው ሰሞን እንዶድ ቢጋት፣ አረፋ የሚያወጣው የእንዶድ ንጥረ ነገር የሳሳውን አንጀት ያስቆጣዋል። ኮሶ ቢሰጠው ያስቀምጠዋል፤ ውሃ ያጣና በፀሐይ ጋሪ ሲጎትት ከውሎ ኩላሊቱ ለአደጋ ይጋለጣል። የአኻያ ቅርፊት ቢቀቀልለት ደግሞ፣ ቅርፊቱ ከአስፕሪን ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር ስላለው፣ ባለቤቱ ሳያውቀው በማስታገሻ ላይ ማስታገሻ ደረበ ማለት ነው።

በየቤቱ ያለው ነጭ ሽንኩርትም ከዚህ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ የካናዳ ጥናት፣ ደረቅ ነጭ ሽንኩርት በብዛትና ለብዙ ቀናት የበሉ ፈረሶች ቀይ የደም ሕዋሳታቸው እየፈረሰ የደም ማነስ ደርሶባቸዋል። ነጭ ሽንኩርት የደም መርጋትንም ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ፈረስ ከመኮላሸቱ በፊት ይበላው እንደነበረ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለፈረሱ የተሰጠውን ሁሉ ለሐኪሙ እንንገር፦ የቅጠሉን ስም፣ መጠኑን፣ የስንት ቀን እንደሆነ። ስሙ ካልታወቀ ቅጠሉን ራሱን ይዞ መሄድ ነው።

ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ሁለቱን አንደራርብ። በአፍንጫ መጋትም ወደ ሳንባ ስለሚገባ ፈጽሞ ይቅር።

ሦስተኛ፣ ምልክቱን እንወቅ። መኖ መተው፣ የአፍ መቁሰል፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ሥር እብጠት፣ የድድ መንጣት ወይም የሽንት መጥቆር ከታየ መድኃኒቱን ሁሉ አቁሞ፣ ንጹሕ ውሃ አቅርቦ፣ ፈረሱን ሳያሠሩ ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ለእናንተ ለሠራተኞች አንድ አደራ አለን። ባለጋሪው ቅጠሉን የሚደብቀው እንዳይሰደብ ፈርቶ ነው። «ደግሞ ምን ጋትከው?» ብላችሁ ከተቆጣችሁት ዝም ይላል፤ በዝምታውም ፈረሱን ሊያጣ ይችላል። «ወንድሜ፣ እስካሁን በምን ስትረዳው ቆየህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ሁሉን ይነግራችኋል። በፈረሱ የሕክምና ካርድ ላይም ለአገር መድኃኒት አንድ መስመር ጨምሩ። ወጪ አይጠይቅም፤ የአንድን ቤት እንጀራ ግን ሊያተርፍ ይችላል።