እርፍና ጅራፍ በአንድ እጅ

(የጅራፍ ድምፅ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በበሬ የሚያርስ ገበሬ በአንድ እጁ እርፍ ይጨብጣል፤ በሌላው ጅራፍ ይይዛል። አንዱ እጅ ሲቆረጥስ?

እጅ የሚያሳጣው አደጋ ብቻ አይደለም። ስብራት ላይ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም እንዳይዘዋወር ያግዳል፤ እጁም ይሞታል። ሐኪሞች ይህን በተለይ በልጆች ላይ ደጋግመው አይተዋል። ጣት ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያውን ፈቶ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው።

እጁን ላጣ ሰው ግን ሰው ሠራሽ አካል የሚሠራ ማዕከል ባሕር ዳር አለ። አሜሪካዊው ዶራንስ እጁን በመጋዝ ፋብሪካ አጥቶ፣ በአውሮፓውያኑ 1912 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት መንጠቆ ዛሬም እንደ እጅ ያገለግላል። ትከሻ ወደ ፊት ሲገፋ ሽቦው ይሳብና መንጠቆው ይከፈታል፤ ትከሻ ሲላላ ላስቲኩ ይዘጋዋል። ባትሪ አይፈልግም፤ ለገጠር የምመርጠውም ለዚህ ነው። እጅ የሚመስለው ፕላስቲክ ለዓይን ያምራል እንጂ እርፍ አይይዝም።

ብዙው ችግር ግን ቤት ውስጥ ነው። እንጀራ ከመቁረስ በፊት እጅ ይታጠባል፤ አንድ እጅ ደግሞ ራሱን አያጥብም። ብሩሽ ጠጕሩን ወደ ላይ አድርጎ ጣውላ ላይ በምስማር መምታት፣ ጣውላውንም ባለ ቧንቧ ጀሪካን ሥር ማሰር ይበቃል። ማንኪያ የሚሰካበት የቆዳ ማቀፊያ ከተቆረጠው እጅ በቀረው ክንድ ላይ ይታሰራል፤ ቆዳ ሰፊ ይሠራዋል። ልኩን ከመቁረጡ በፊት ግን የክንዱን ባለቤት ይጠይቀው፤ የትኛው ጎን ያመዋል? በየትኛው ሥራ ላይ ይቸገራል?